ከእንጦጦ ጥግ ቤት ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። «አንተ እዚያ ጥግ አይደል የምትኖረው? አንድ ቤት አይቼ ነበር…»። ጥያቄዎቹም ያው ናቸው። ሱሉልታ ሁለት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። አሁን ከካራ በላይ የራሴ ቤት አለኝ። ጠበቃም ደላላም አይደለሁም። ግን ቤት ፍለጋ ስዞር ጫማ ጨርሻለሁ። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

የትኛውን ሰፈር ነው የምታወራው?

ሰሜኑን ጥግ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉራራ፣ በየካና በኮተቤ በኩል እስከ ካራ የሚዘልቀውን የተራራ ግርጌ። ከዚያ ጋራውን ተሻግሮ ያለውን ሱሉልታንም እጨምራለሁ። የቡራዩና የመናገሻ ነገርም ብዙ አይለይም። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ግን ሌላ ወግ ናቸው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ጋራው የሁለት አስተዳደር ነው። ወዲህ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ወዲያ ያለው ኦሮሚያ። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸውን በስምምነት ያካለሉት ደግሞ በ2014 መጨረሻ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ ነው» የተባላችሁት ቤት በየትኛው በኩል እንዳለ ሳታጣሩ ሻይ እንኳን አትጠጡ። ካርታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሥርዓት፣ የመታወቂያችሁ ጉዳይ ሁሉ ከዚያ ይነሳል። በኦሮሚያ በኩል ፋይሉ በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማታነቡ ከሆነ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ራሱ እንዲተረጉምላችሁ አትፍቀዱ።

ብርዱ ይቻላል?

ይቻላል። ግን አትናቁት። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ከ2,600 በላይ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ገደማ ይደርሳል። በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል ብላችሁ አስሉት። ሱሉልታ በገባሁበት ታኅሣሥ አንድ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ደጅ ያደረውን ባልዲ ሳነሳ ላዩ ላይ ስስ በረዶ ነበር። እጄን ነክሬ ነው ያወቅሁት። ቤት ስታዩ ሳሎኑና የልጆች ክፍል የጠዋት ፀሐይ ያገኙ እንደሆነ እዩ። የቀረውን ጋቢ ይሸፍነዋል።

«መሬት ልገዛ ነው» ስልህ ለምን ትስቃለህ?

መሬት ስለማይሸጥ ነዋ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እናንተ የምትገዙት ቤቱን ነው፣ በቦታው የመጠቀም መብቱም አብሮ ይዛወርላችኋል። ይዞታው ወይ ነባር ነው፣ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ፤ ወይ ሊዝ ነው፣ ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተወሰደ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጥቷል። ሊዝ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀሪ የሊዝ ክፍያ ስንት ነው? ቤቱስ የት ደርሷል? ግንባታው ያልተጀመረ ወይም ገና ግማሽ ያልደረሰ ሊዝ ማስተላለፍ ላይ ያው አዋጅ ገደብ አስቀምጧል። «መሠረቱ ወጥቷል፣ ችግር የለም» የሚል ደላላ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ደላላው «ወረቀት አለው» ብሎኛል። አይበቃም?

የምን ወረቀት? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኔ በጆሮዬ የሰማኋቸውን ልዘርዝርላችሁ።

«ግብር ይከፍልበታል።» የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ ግብር መክፈሉን ነው የሚያሳየው፣ ባለቤትነቱን አያረጋግጥም። «የ97 የአየር ፎቶ ላይ አለ።» በ1997 ዓ.ም. ከተማው ከአየር የተነሳው ፎቶ ማለቱ ነው። ፎቶው ላይ መታየት ሰነድ አልባ ይዞታን ሕጋዊ ለማድረግ ለመጠየቅ ያግዝ ይሆናል፣ ራሱ ግን ካርታ አይደለም። «ካርታው በሂደት ላይ ነው።» ሂደቱ ሲያልቅ ደውልልኝ በሉት። «የመንደር ውል እንፈራረማለን፣ ሦስት ሽማግሌ ይኖራል።» ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ፣ ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ሁላችንም ውልና ማስረጃ በምንለው ቤት ነው። «የገበሬ ይዞታ ነው፣ አረንጓዴ ደብተር አለው።» ደብተሩ የገበሬው የመጠቀም መብት ማስረጃ ነው። ገበሬው ሊያወርሰው ይችላል፣ በገደብ ሊያከራየው ይችላል። ሊሸጥላችሁ ግን አይችልም።

እሺ፣ እውነተኛ ካርታ ነው እንበል። ፎቶ ኮፒውን አትመኑ። ካርታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ከፋይሉ ጋር አስተያዩት፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ ስለመሆኑም ማረጋገጫ ይውጣ። ባንክ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው፣ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። «እሷ ችግር የላትም፣ ተስማምተናል» የሚባል ነገር የለም። ችግር ከሌላት ትምጣና ትፈርም።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ቀልዴን አይደለም። የእኔ ቤት ካርታ 200 ካሬ ይላል። ከአጥር አጥር ስንለካ 183 ሆነ። ደግመን ለካን፣ ያው 183። ሻጩ አዛውንት ናቸው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን እያከኩ «ልጄ፣ እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት» አሉኝ። አመንኳቸው። ጎረቤት ግንብ ሲሠራ ወደ እሳቸው ገፋ አድርጎ ነበር፣ እሳቸውም ሃያ ዓመት አልለኩም። በ183 ተደራደርን። ቀያሽ ቀጥሮ በካርታው ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት ማስፈተሽ ደግሞ ከሜትሩም ይሻላል። ቦታው ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ የተገኘበት ሰው አውቃለሁ።

ዛፍ በዛፍ የሆነ ባዶ ቦታ አገኘሁ፣ ርካሽ ነው። ልያዘው?

በጣም የምፈራው ጥያቄ ይሄ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ከፈረንሳይ በላይ ቦታ አይቶ ይዞኝ ሄደ። ጽድ አለው፣ ሥሩ ወንዝ ይሰማል፣ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ትታያለች። ደላላው እጁን ዘርግቶ «አየሩን እየው!» ይላል፣ አየሩን የሚሸጠው እሱ ይመስል። ዙሪያውን ቤት በቤት ላይ ተደራርቧል፤ ጣሪያ ጣሪያን ነክቷል። መሃል ላይ ይህ ቦታ ብቻ ጫካ ሆኖ ቀርቷል። ጓደኛዬን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ በዚህ ሁሉ የቦታ ረሃብ መሃል ይህን ማን ተወው?

የተተወበት ምክንያት አለው። የተራራው ጫካ፣ የወንዝ ዳርቻው፣ ገደላገደሉ በከተማው ፕላን ላይ በአብዛኛው በአረንጓዴነት የተያዘ ነው። እኛን የሚማርከን ልምላሜ የተረፈው እንዳይሠራበት ስለተከለከለ ነው። ዛፉ ብዙ ጊዜ የክልከላው ምልክት ነው። ወይ ደግሞ ዳገቱ በጣም ስለቆመ የሞከረው ሁሉ ትቶታል። የቦታውን የመሬት አጠቃቀም በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው ጠይቁ፣ የፕላን ስምምነት ይገኝበት እንደሆነ አረጋግጡ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ደላላው ሁሉ «ፓርኩ አጠገብ ነው» ማለት ለምዷል። አጠገብ ይሁን ውስጥ ማጣራት የእናንተ ሥራ ነው።

ጓደኛዬ አልገዛውም። አሁንም እሁድ እሁድ ወጥቶ እዚያ ይቀመጣል። በነፃ።

ጨረቃ ቤትስ? ብዙ ሰው እየኖረበት አይደል?

እየኖረበት ነው። በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ መትተው ያደሩ፣ ቆይተው ሕጋዊ የሆኑም አሉ። በ2015 ሸገር ከተማ ሲደራጅ ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው የፈረሱትን ቤቶች ግን ሁላችንም አይተናል። ከእነዚያ ውስጥ ገንዘብ ከፍለው የገዙ፣ ዓመታት የኖሩ ነበሩበት። ስለ አፈራረሱ የራሴ ሐዘን አለኝ። ለእናንተ የምለው ግን ቤቱ ሲፈርስ ደላላው ኮሚሽኑን አይመልስም።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ። ይቆረጥ ወይስ ይቅር?

ባሕር ዛፍ ባለውለታችን ነው። በምኒልክ ዘመን የአካባቢው እንጨት ተመናምኖ ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው ነገሩን የቀየረው። እስከ ቅርብ ጊዜ የእንጦጦ እናቶች ጀርባቸው ጎብጦ ያወረዱት ቅጠልና ጭራሮም የእሱ ነው።

ለግቢ ግን አልመክርም። ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል፣ በነፋስ ቅርንጫፉ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ብትቆርጡትም ጉቶው ያቆጠቁጣል። ትልልቁን ለመቁረጥ ወረዳውን ጠይቁ፣ ቦታው ላይ ጽድ ወይም ወይራ ትከሉ። ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ምን የሚያስቸኩል ነገር አለ?

ተዳፋት ላይ መሥራት ያስፈራል?

ያስወጣል። ሱሉልታ ሜዳው ላይ መረሬ አፈር ይበዛል፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሬቱ ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ ይሞላል፣ ገንዘቡም ገና ግድግዳ ሳይታይ ይቀበራል። ዳገቱ ላይ አፈሩ ይሻላል፣ ቶሎ ድንጋይ ይገኛል። ግን የድጋፍ ግንብ ያስፈልጋል፣ እሱም አንዳንዴ የቤቱን ግማሽ ዋጋ ይበላል።

የእኔን ልንገራችሁ። ቤቱን ያየሁት በኅዳር ነው። ሰማዩ ንጹሕ፣ ግቢው ደረቅ፣ ግንቡ ቀጥ ያለ። ሐምሌ ሲገባ አንድ ሌሊት ድም የሚል ነገር ሰማሁ። በባትሪ ወጣሁ። ከላይ በኩል ያለው ግንብ ሆዱን ነፍቷል፣ ከሥሩ ቡናማ ውሃ እንደ ቧንቧ ይወጣል። ግንበኛው የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አልተወለትም ነበር። ከኋላው የተጠራቀመው ዝናብ መውጫ ሲያጣ ግንቡን ገፋው። በማግስቱ ሌላ ግንበኛ ጠራሁ። ግንቡን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ይሄ ግንብ ሽንቱን ቋጥሮ ነው የኖረው» አለኝ። ከፊሉን አፍርሰን በየሜትሩ የፕላስቲክ ቱቦ እያስገባን ሠራነው። ወጪው ለአዲስ ሶፋ የያዝኩትን በላው፤ እስካሁን አሮጌው ላይ ነው የምቀመጠው።

ስለዚህ ቤት በነሐሴ እዩ። ዝናብ እየዘነበ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ። ጎርፉ በየት ይመጣል? በየት ይወጣል? ከበላያችሁ ያለው ጎረቤት የሴፕቲክ ታንኩ የት ነው? ግቢያችሁ ውስጥ ጉድጓድ ለማስቆፈር ካሰባችሁ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም።

ውሃና መብራትስ?

ውሃ በፈረቃ ነው። የሚገርመው ነገር አዲስ አበባን የሚያጠጡት ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ያሉት እዚሁ ዳር ነው፣ ሱሉልታም የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ሞልቶባታል። እኛ ደግሞ ሮቶ ሥር ቆመን ቧንቧ እናዳምጣለን። ከፍታ ላይ ስለሆንን ግፊቱ ይደክማል፣ ውሃው ቢመጣም ከታች ያሉት ቀድተው ሲጠግቡ ነው የሚደርሰን። ሻጩን አትጠይቁ። የጎረቤት ልጅን ጠይቁ፦ «ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት?» ልጅ አይዋሽም፣ ጀሪካን የሚያመላልሰው እሱ ነው። ሁለት ሮቶ ይኑራችሁ። ቦቴ ግቢያችሁ ድረስ መውጣት መቻሉንም እዩ።

መብራት ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ቆጣሪው በማን ስም ነው? ከጎረቤት የተጠለፈ መስመር ከሆነ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

ወደ ሥራ መመላለስ አይከብድም?

ለካራ ከመገናኛ፣ ለሱሉልታ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣችሁ ትቀመጣላችሁ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉን አይታችሁ ወደ ቤት መመለስ ያምራችኋል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ኮረኮንቹን አቀበት የሚወጣ ባጃጅ ማግኘት ዕድል ነው፣ በስልክ የጠራችሁት ሾፌርም ዳገቱን ሲያይ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ውረድ» ይላል። ክረምት ላይ የሱሉልታው መንገድ ጉም ይወርድበታል። መኪና ካላችሁ የጉም መብራቱን አሠሩት።

ከዋጋው ሌላ ምን እከፍላለሁ?

ደላላ በተለምዶ 2 በመቶ ይጠይቃል፣ ከገዢም ከሻጭም። ስም ሲዛወር የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፣ የከተማው የአገልግሎት ክፍያዎችም ይጨመራሉ። ሻጩ ባተረፈው ላይ የካፒታል ዕድገት ግብር አለበት፣ የ2008ቱ አዋጅ ለቤት 15 በመቶ ነበር ያስቀመጠው። ሻጮች ታዲያ «ለኔ ንጹሕ በእጄ ይግባ» ይላሉ። ትርጉሙ ግብሩን አንተ ክፈልልኝ ነው። መደራደር ይቻላል፣ ግን ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ዋጋ አሳንሰን እንጻፍ የሚሉም ሞልተዋል። መንግሥት የራሱ ግምት አለው። ነገ ውሉ ቢፈርስ ደግሞ በወረቀት የምትጠይቁት ያንኑ ያነሰውን ነው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። መግዛት እችላለሁ?

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ካላችሁ ምን ጥያቄ አለው። ዜግነት የቀየራችሁ በ1994 በወጣው አዋጅ መሠረት በቢጫ ካርድ፣ ማለትም በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ትገዛላችሁ። በ2017 ደግሞ ለውጭ ዜጎችም በሩን በገደብ የከፈተ አዋጅ ወጥቷል።

የእናንተ ፈተና ሕጉ አይደለም፣ ውክልናው ነው። ለወንድም፣ ለአክስት ልጅ «ሁሉንም አድርግልኝ» ብሎ ጠቅላላ ውክልና መላክ ስንት ቤተሰብ አኳርፏል። ውክልናው ለምን ሥራ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ፣ ካርታውም በእናንተ ስም ይዙር። «ለጊዜው በኔ ስም ይሁን» ሲባል ጊዜው ማለቂያ የለውም።

ጅብ እውነት ይመጣል?

ይመጣል። ጫካው ቅርብ ነው፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ጥግ ካለ ደግሞ አይቀርም። ሌሊት ሲጮህ መጀመሪያ ሰሞን ትደነግጣላችሁ፣ ኋላ ዝም ካለ ምን ሆነ ትላላችሁ። የበግና የውሻ ቤታችሁን በር ጠበቅ አድርጉ፣ ቆሻሻ ማታ ደጅ አታሳድሩ።

መጀመሪያ ተከራይቼ ልየው?

አዎ። አንድ ክረምት ይበቃል።

እድር መቼ ልግባ?

ዕቃ ባወረዳችሁ ሳምንት። ግን የእድሩን ጸሐፊ ቤት ከመግዛታችሁም በፊት ፈልጉት። መዝገቡ ላይ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከማን ጋር እንደተካሰሰ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ አሁን ያለሁበትን ከማግኘቴ በፊት አንድ ሌላ ቤት ልይዝ ቀብድ በኪሴ ይዤ ነበር። ካርታው ንጹሕ፣ ሻጩ ጨዋ። ጸሐፊውን ጠላ ቤት በር ላይ አገኘሁትና ቤቱን በጣቴ አሳየሁት።

«የቱ? አረንጓዴ በር ያለው?» አለኝ። «የሦስት ወንድማማቾች ውርስ ነው እኮ። የሚሸጥልህ ትንሹ ነው። ትልቁ አሜሪካ ነው፣ መሸጡን ገና አልሰማም።»

ቀብዱን ይዤ ተመለስኩ።